ከቅጥሩ በታች ያለው ባዶ መሬት

ስልኩ ሲጮኽ የድንች ልጣጭ በአንድ እጄ፣ የወተት ካርቶን በሌላው ይዤ ከምኖርበት ሕንፃ ጀርባ፣ ከቆሻሻ ሣጥኖቹ ፊት ቆሜ ነበር። በዚህ በኖርዌይ ቆሻሻ እንደ ነገሩ አይጣልም። ወረቀቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ የምግብ ትራፊው ለብቻ ነው። ስንት ዘመን ኖሬበት እንኳ ዛሬም ክዳኑን ከማንሣቴ በፊት በላዩ ያለውን ሥዕል አያለሁ፤ ተሳስቼ ጎረቤት እንዳይታዘበኝ። የደወለችው የወንድሜ ልጅ ትዕግሥት ነበረች። ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ እሑድ ካልሆነ ደውላልኝ አታውቅም። ቀኑ እሑድ ስላልነበረ ልቤ ደነገጠ።

«አባትሽ ደኅና ነው?» አልኳት ከሰላምታው በፊት።

«ደኅና ነው አክስቴ፣ ሁሉም ደኅና ነው። ለሥራ ጉዳይ ነው የደወልኩልሽ፤ እንዳትስቂብኝ። ከደብሩ ቅጥር በታች፣ ወደ ቀሐ ወንዝ ሲወረድ፣ ወይራዎቹ ያሉበትን ቦታ ታስታውሽዋለሽ?»

«አስታውሰዋለሁ።»

«አዲስ ረቂቅ ደንብ ወጥቷል፤ ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ ቆሻሻ አጣጣል። ከመጽደቁ በፊት ሕዝቡ ይወያይበት ተብሎ በየሰፈሩ ስብሰባ ይጠራል። የእኛ ሰፈር ቆሻሻ እዚያ ቦታ ላይ እንዲጠራቀም ታስቧል። ረቂቁ ላይ ‹ባዶ መሬት› ነው የሚለው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። አባባን ስለ ቦታው ብጠይቀው ‹እባብ አለበት› አለኝና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረው። ሌሎች ትልልቅ ሰዎችንም ጠየቅሁ፤ ሁሉም እባብ ነው የሚሉኝ። አክስቴ፣ እውነት እዚያ ያለው እባብ ብቻ ነው?»

ምን ብዬ እንደ መለስኩላት በቅጡ አላስታውስም። መልሼ እደውልልሻለሁ ሳልላት አልቀርም። ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ልጣጩን ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ከትቼው ኖሯል፤ ካርቶኑ እጄ ላይ ቀርቷል።

ከዚያን ዕለት ወዲህ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። ውዳሴ ማርያሙን እጀምርና ከመካከሉ ላይ ራሴን መስኮት ዳር ቆሜ አገኘዋለሁ። ሻይ እጥድና እረሳዋለሁ። እሑድ ዕለት በኪራይ በምንገለገልበት አዳራሽ ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል እኔ ቀድሜ ቆሜ ነበር፤ «ተቀመጡ» ሲባልም ቆሜ ቀረሁ። አጠገቤ ያለችው እኅት «አመመሽ?» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። አላመመኝም። እግሬ ነው እንጂ ሌላው አካሌ ደኅና ነው፤ እግሬ ቁልቁል ወደ ቀሐ የሚወርደውን መንገድ ይፈልጋል። የዚህ አገር ዝናብ ደግሞ እንደኛ ክረምት መስከረምን አስከትሎ አይሄድም፤ ይዘንባል፣ ያባራል፣ ይዘንባል። መስታወቱን እያየሁ ወደዚያ ዘመን እመለሳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ስብሰባው ሳምንት ነው ወይስ ከርሞ ነው እያልኩ ወደ ዛሬ እባንናለሁ።

ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አልነግራችሁም። ያን ጊዜ የነበረ ሰው በዓመቱ ሳይሆን በሰልፉ ያስታውሰዋል። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በካርድ የምንወስድበት፣ ሳሙና መጣ ሲባል ሰው ሁሉ የእጁን ሥራ ጥሎ የሚሮጥበት ዘመን ነው። የተርጋል ቀሚስ ያላት ልጅ ፒያሳ ላይ ስታልፍ ዞር ብለው ያዩአታል። እኔ የነበረኝ ተርጋል አንድ ነበር፤ ሰማያዊ፣ ከወገቡ ጠበብ ያለ፤ ለበዓል፣ ለፎቶግራፍና ለስብሰባ እሱኑ ነበር የምለብሰው። ጫማችን ኮንጎ ነው። ዝናብ ሲገባበት በየእርምጃው ይጮኻል፤ ቅዳሴ ቆመን ከሆነ ጩኸቱ እስኪያልፍ በጣታችን ነበር የምንራመደው። ወንዶቹ ካኪ ለብሰው፣ ብዕር ከደረት ኪሳቸው ሰክተው ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ብዕር ቀለም አልነበረውም። ቀበሌው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከዶሮ እኩል ይነሣል። ዘፈኑ ስለ ተራራና ስለ ወዝ አደር ነው፤ ቃሉን ረስቼዋለሁ፣ ሸክላው የተጫረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ደጋግሞ የሚያዳልጠው ግን ዛሬም በጆሮዬ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ አለ። መጥረጊያችንን ይዘን እንወጣለን፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ያሉትን ድንጋዮች ኖራ እንቀባለን፣ ማክሰኞ በሬ ሽንቱን ይሸናባቸዋል።

ሰፈራችን ውስጥ ከሁሉ ስሟ የሚጠራው ጠላ ሻጯ እትዬ ባንቺይርጋ ነበረች። ጠላዋ በጣሳ ስሙኒ ነበር። ለካህን ትጨምራለች፤ ለካድሬ አረፋውን ታበዛለች። ረጅም፣ ጠይም፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ልጅ አልነበራትም። ሁለት ባል አግብታ ሁለቱም «አትወልድም» ብለው እንደ ተዋት ሰፈሩ ሁሉ ያወራል፤ እሷ ፊት ግን ያን ነገር የሚያነሣ ደፋር አላየሁም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ መኳንንት ይባላል። ሊቀ መንበር ከመሆኑ በፊት አስተማሪዬ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል ፊደል አጣጣሌን እያየ በዘንግ ጣቴን የመታኝ እሱ ነው። ከስብሰባ ውጭ ጋሽዬ እለዋለሁ። ሰዉ የሚፈራውን ያህል ክፉ አልነበረም፤ ሰው ቢፈራውም አይጠላውም ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ አንድ ቀን አስጠራኝና በስቴንስል የተባዙ ወረቀቶች ሰጠኝ። ቀለሙ ገና ይሸት ነበር።

«ረቂቅ የጽዳት ደንብ ነው» አለኝ። «እሑድ ሕዝቡ ይወያይበታል። እንደ ሌላው ጊዜ አጨብጭቦ የሚሄድበት እንዲሆን አልፈልግም፤ ገብቶት ይናገር። አንቺ ድምፅሽ ይሰማል። እቤት ተለማመጂና ቁጥር በቁጥር ታነቢያለሽ።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እቤት ገብቼ እናቴ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። እናቴ፣ ወይዘሮ አለሚቱ፣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷ እየሾረ አነባለሁ፤ አጥር ሥር መሽናት ክልክል፣ የሞተ ውሻ ወንዝ መጣል ክልክል፣ አተላ መንገድ ላይ መድፋት ክልክል። ትስቃለች። ከዚያ እንዲህ ወደሚለው ቁጥር ደረስኩ፤ «ከደብሩ ቅጥር በታች የሚገኘውና ለምንም አገልግሎት ያልዋለው ባዶ መሬት የቀበሌው የቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ እንዲሆን።» እንዝርቱ ቆመ።

«እሱን ደግመሽ አንብቢልኝ» አለችኝ።

ደግሜ አነበብኩ። ክሩ እጇ ላይ ተበጠሰ። ምን እንዳሰበች አውቄያለሁ፤ እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነበር። ሁለታችንም ግን አልተናገርነውም።

የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ። ከእኔ በኋላ፣ ከወንድሜ በፊት አንዲት ልጅ ተወልዳ ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያዋ ሳይደርስ ትኩሳት ያዛት። አባቴ እህል ሊሸምት ትክል ድንጋይ ገበያ ወርዶ ነበር፤ ካህኑ ደግሞ ተዝካር ተጠርተው ጠዳ ሄደዋል። እናቴ ጎረቤት ልካ፣ ያ ጎረቤት ሌላ ልኮ፣ ካህኑ ተገኝተው ሲመጡ ከደጃችን ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አልዘለቁም። አስፈላጊ አልነበረም። ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ ከቅጥር ውስጥም አይገባም። ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ እናቱም ነጠላዋን አታዘቀዝቅለትም። ሐዘንተኛ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ነው የምትለብሰው፤ መንገድ ላይ ያያት ሁሉ ሐዘን እንዳለባት ያውቃል፣ ቆሞ ያጽናናታል። እናቴን ማንም አላጽናናት። አባቴ ከገበያው እንደ ገባ ያችን ልጅ ከጋቢው ሥር ይዟት ወጣ፤ ሲመለስ ጋቢው ልክ እንደ ሁልጊዜው ትከሻው ላይ ነበር። የት እንዳደረሳት ከእናቴ ጋር አልተነጋገሩም። ሰፈሩ ግን ያውቃል። ከቅጥሩ በታች፣ ወይራዎቹ ሥር፣ የስንቱ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ድንጋይ የለበትም፣ መስቀል የለበትም፣ ስምም የለም፤ ስማቸው ከጥምቀቱ ጋር የሚመጣ ነበርና። እኛ ልጆቹ እዚያ ሄደን እንዳንጫወት «እባብ አለበት» ይሉናል። ላም አይነዳበትም፤ እባብ አለበት። እንጨት አይለቀምበትም፤ እባብ አለበት። እንዲህ እየተባለ ቦታው ተጠብቆ ኖረ። የእነዚያ ሕፃናት ነገር በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ እኔ ከዚያ በላይ አልናገርም፤ አባቶች ያሉትን የማፈርስ ሴት አይደለሁም። እናት ግን እናት ናት።

በማግሥቱ እትዬ ባንቺይርጋ ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። ወረቀቱ እኔ ዘንድ እንዳለ ሰምታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ስለ አተላ ምን ይላል? እውነቱን ንገሪኝ፤ ሊገድሉኝ ነው?»

«መንገድ ላይ መድፋት ክልክል ነው ይላል፣ እትዬ።»

«ምነው! የት ላድርሰው ታዲያ? ሰማይ ልበትነው?» እየሳቀች ተቀመጠች። «ሌላስ? ስለኛ ሰፈር ሌላ ምን ይላል?»

እናቴን አየኋት። እናቴ ዓይኗን ከጥጡ ላይ አላነሣችም። ያንን ቁጥር አነበብኩ። እትዬ ባንቺይርጋ ሳቋን አቆመች። እናቴን ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ እናቴም ቀና ብላ አየቻት። እትዬ ባንቺይርጋ የተቀዳላትን ውሃ እንኳ ሳትጨርስ ተነሥታ፣ በሩ ላይ ስትደርስ «ምነው ሰዎቹ ሌላ ቦታ አጡ?» አለችና ወጣች።

እስከ እሑድ ድረስ እናቴ እህል ባፏ ሲዞር እንጂ ሲወርድ አላየሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቅዳሜ ከጽዳት ዘመቻው ስንመለስ፣ «ያን ቁጥር ዘለሽ ማንበብ አይቻልም?» አለችኝ። «አይቻልም፣ እማዬ» አልኳት። «አዎ፤ አይቻልም» አለች። ምን ብላ ትናገር? ተነሥታ «ልጄ አለችበት» ብትል መጀመሪያ የሚጠይቋት «ለምን አላስጠመቅሻትም» ነው። ቀጥሎ «አጉል እምነት» ይሏታል። ያን ጊዜ በስብሰባ ላይ አጉል እምነት የተባለ ነገር እንዲያው በቀላል አያልፍም ነበር።

ስብሰባው እንደ ልማዱ እሑድ ጧት ነበር። ሴቶቹ ከሌሊት ቅዳሴ ተነሥተው፣ እንዳሉ በነጠላቸው ወደ አዳራሹ መጡ። አዳራሹ የአንድ ነጋዴ መጋዘን የነበረ ነው፤ የዘይት ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም ነበር። ጓድ መኳንንት ቆቡን አጥልቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱ ወይዘሮ የሺ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ናት። የደብራችን ካህን መምሬ አድማሱ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ በሰማያዊ ተርጋሌ ቆሜ አነባለሁ።

መጀመሪያ ላይ እውነትም ሸጋ ውይይት ነበር። ከትክል ድንጋይ በአህያ እንጨት እያመላለሱ የሚሸጡት አያ ፈንቴ እጃቸውን አወጡ።

«እንስሳ መንገድ እንዳያቆሽሽ ይላል። እኔስ ደንቡን ሰማሁ፤ አህያዬ ግን ስብሰባ አልተጠራች።»

«ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው፣ አያ ፈንቴ።»

«እንግዲያ አቁማዳ ይዤ ከኋላዋ ልሂድ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጓድ መኳንንትም ሳቀ። አተላው ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ባንቺይርጋ ዞረ፤ እሷም አላሳፈረችንም።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አተላዬን የት ላድርሰው? ከጠጪዎቼ ቤት በየተራ? ከጠጪዎቼ መካከል እዚሁ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠም አለ፤ ስም አልጠራም።»

ሊቀ መንበሩ ቆቡን አስተካከለ። ተነጋግረው ተነጋግረው አተላውን ከብት ያላቸው ገበሬዎች እንዲወስዱት ተስማሙና ቁጥሩ ተሻሻለ። ሰዉ ደስ አለው። የተናገረው ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ያየው ያን ዕለት ነው። ያ ደስታ እያለ ነው እኔ ቀጣዩን ቁጥር ያነበብኩት። ድምፄ ዝቅ ብሎ ስለ ነበር «ከፍ አድርጊው» አለኝ ጓድ መኳንንት። ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

ወንዶቹ ጣሪያውን ያያሉ፣ ሴቶቹ እግራቸውን።

«አስተያየት?» አለ ጓድ መኳንንት። «ምነው? እስካሁን ስታወሩ አልነበረም?»

አያ ፈንቴ ቀስ ብለው ተነሡ። «እባብ አለበት» አሉ።

«እናጸዳዋለን።»

«ብዙ እባብ ነው ልጄ።»

«አያ ፈንቴ፣ እባብ ካለማ ጭራሽ መጽዳት አለበት!»

የሣቀ ሰው አልነበረም። አያ ፈንቴ የሚያውቁት መከላከያ ያ አንዱ ነበር፤ እሱም ከእጃቸው ወደቀና ተቀመጡ። ሊቀ መንበሩ ወደ ኋላ አየ። «መምሬ፣ የደብሩ ይዞታ ከሆነ ይንገሩን።»

መምሬ አድማሱ ጭራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። «የደብሩ አይደለም» አሉ። «ከቅጥር ውጭ ነው።» እውነታቸውን ነው። እናቴ ያን ሲሉ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ በእጃችሁ አረጋግጡ።»

እጆች መነሣት ጀመሩ፤ በልማድ፣ እንደ ሁልጊዜው። የሚቆጥረው ጸሐፊ ጣቱን ዘርግቶ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ነበር፣ እትዬ ባንቺይርጋ ስትነሣ።

«ልጄ አለችበት» አለች።

ከበሩ አካባቢ አንድ የቀበሌ ጠባቂ፣ ጠመንጃውን የተደገፈ ጎረምሳ፣ ፍንጭቱን አሳይቶ ሣቀ። «የምን ልጅ? አንቺ ደግሞ መቼ ወለድሽ?»

«አንተ ከመወለድህ በፊት» አለችው ዞር ሳትል።

ጓድ መኳንንት እጁን አነሣ። «እትዬ ባንቺይርጋ፣ መቃብር ከሆነ ምልክቱ የታለ? ድንጋይ የለ፣ መስቀል የለ።»

«ላልተጠመቀች ልጅ ምን መስቀል ይተከልላታል፣ ጓድ ሊቀ መንበር? ሰማንያዋ ሳይደርስ ነው የሄደችው። ድንጋይ ባኖርባት እናንተ ታነሡት ነበር።»

ይህን ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ሁላችንም እያየናት ዘርግታ፣ ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ መልሳ ለበሰችው። ሐዘንተኛ ሆና ቆመች። ከዚያ ሳትቀመጥ ጠበቀች። ማንን እንደምትጠብቅ እኔ ገብቶኛል። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ነጠላው አንድ ጊዜ አመለጣትና ከአጠገቧ ያለችው ሴት አነሣችላት። እናቴም ዘቀዘቀች። ያነሣችላት ሴትም የራሷን ዘቀዘቀች። ከዚያ ወዲያ ከየአግዳሚው ነጠላ ሲዘረጋ፣ ሲገለበጥ እንጂ ድምፅ አልነበረም። አንዳንዷ ልጅ እንደ ነበራት ባሏም የረሳው ይመስለኛል፤ ዞሮ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ጓድ መኳንንት። «ሰው ሞተብን እንዴ?»

«አዎን፣ ሞቶብናል» አለች እትዬ ባንቺይርጋ። «ሳይለቀስ የቆየ ነው።»

አፉን ሊከፍት ሲል ከፊተኛው አግዳሚ ባለቤቱ ወይዘሮ የሺ ተነሣች። እሱን አላየችውም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀመጠች። ጋሽዬ ያኔ ቆቡን አወለቀ፤ አየው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ መልሶ አነሣው። ከዚያ ለእኔ «ይህ ቁጥር ይውጣ፤ ቀጥዪ» አለኝ።

ጸሐፊው «ምክንያቱ ምን ተብሎ ይጻፍ?» ሲል ጠየቀ።

«ቦታው አመቺ ሆኖ ስላልተገኘ በል» አለው ጋሽዬ።

ያን ዕለት ያ ቃል መልካም ሥራ ነበር። እውነቱን ጽፎ ቢሆን ለላይ አካል «አጉል እምነትን አስተናገደ» መባሉ አይቀርም፤ ለሴቶቹም ጥሩ አይሆንም። ሁላችንም ደብቆ እንደ ሸፈነልን አውቀን አመሰገንነው። ዛሬ ግን በዚህ ክፍሌ ውስጥ እየተንቆራጠጥኩ የማስበው ያን ቃል ነው። ምክንያቱ ስላልተነገረ፣ እነሆ መሬቱ እንደ ገና ባዶ ሆኗል።

ከስብሰባው ስንወጣ እናቴ ነጠላዋን አልመለሰችም። እንደ ዘቀዘቀች ዳገቱን ወጣን። ከቅዳሜ ገበያ ሰፈር መንገድ የምትመጣ አንዲት ባልንጀራዋ አይታት ደነገጠች፤ «አለሚቱ! ማን ሞተብሽ?» አለቻት። እናቴ «ልጄ» አለች። ሴትዮዋ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ቆሜያለሁ፤ ስለ ወንድሜ መሰላትና ልትጮኽ ስትል አፏን ያዘች። «ሁለተኛዋ ልጄ» አለቻት እናቴ። «ትንሿ።» ሴትዮዋ ገባት። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ አቀፈቻት፤ «እግዜር ያጽናሽ» አለቻት። እናቴ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው፤ መንገድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሰው እያያት። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት በየተራ መጣ፤ ቆሎ ይዞ የመጣ አለ፣ ባዶ እጁን የመጣ አለ። አያ ፈንቴ እንጨት ከምረው ከደጃችን ጥለው ሳይገቡ ሄዱ። ለእኅቴ ሰው ተቀመጠላት።

ማታ ልብሳችንን ስንቀይር እናቴን «እማዬ፣ እትዬ ባንቺይርጋ እውነት ልጅ ነበራት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት።

እናቴ ነጠላዋን አጥፋ ከራስጌዋ አኖረች። «ዛሬ አላት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተገለባበጠ። እኔ በሱዳን በኩል ወጣሁ፤ የወጣሁበት ታሪክ የብዙ ሰው ታሪክ ስለሆነ ልተወው። ጋሽዬ መኳንንት መንግሥት ሲለወጥ የት እንደ ገባ አልሰማሁም፤ በሕይወት ካለ እግዜር ዕድሜ ይስጠው። እናቴ ስታርፍ እኔ እዚህ ሆኜ በስልክ ነው የተነገረኝ። ለወንድሜ ትታው የሄደችው ቃል ከቅጥሩ ውስጥ በታችኛው ግንብ ጥግ እንዲያኖሯት ነበር። ለምን እንደሆነ አላስረዳችውም፤ እሱም አልጠየቀም። ከግንቡ ወዲህ እናቴ ናት፤ ከግንቡ ወዲያ እኅቴ ናት።

ለትዕግሥት እስካሁን መልሼ አልደወልኩላትም። ሦስት አራት ጊዜ ስልኩን አንሥቻለሁ። ልነግራት የምችለው እኔ ያየሁትን ብቻ ነው፤ እሱም የአንዲት ሩቅ ያለች አክስት ወሬ ነው። በደንቡ ላይ ሊገባ የሚችለው እዚያው ቆሞ የሚናገር ሰው ቃል ነው። ደግሞም ረቂቁን አልጠላሁትም። ከተማችን መጽዳት አለበት፤ ቀሐም ወንዝ ሆኖ እንዲኖር እፈልጋለሁ። አስተያየት ስጡ መባሉም ክብር ነው፤ እንዲያ ባይጠይቁ ኖሮ ወንድሜ ከእባቡ ጋር ዝም ብሎ ይኖር ነበር። ነገ እነግራታለሁ። ግን የእኔ ብቻ አይበቃም።

ስለዚህ በዚያ እሑድ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበራችሁ፣ በሕይወት ያላችሁ እናቶችና እኅቶች ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ በልጆቻችሁም ስልክ ቢሆን ከደረሳችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስብሰባው ሲጠራ ሂዱ። ጉልበታችሁ ካልፈቀደ ተደግፋችሁ ሂዱ፤ ከፊት ተቀመጡ። ያ ቁጥር ሲነበብ ዝም አትበሉ። ቃል ካቃታችሁ ነጠላችሁን አዘቅዝቁ፤ አንዷ ስታደርገው ሌላዋ ትከተላለች፣ ያን ጊዜም እንዲያ ነበር። በእናቴ ምትክ፣ በእትዬ ባንቺይርጋም ምትክ አንዳንድ ነጠላ ይጨመርልኝ። ጠረጴዛው ላይ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ አንዲት ወጣት ታገኛላችሁ፤ ትዕግሥት ትባላለች፣ የአለሚቱ የልጅ ልጅ ናት። ብዕሯን አንሥታ «ምክንያቱ ምን ተብሎ ይጻፍ?» ብላ ስትጠይቃችሁ ሳታፍሩ ንገሯት። እባብ የለበትም በሏት።